ስክራይበስ፦ የዜና ገጽ ቅንብር ለሚማር

ኢንዲዛይን የተባለውን የገጽ ቅንብር ፕሮግራም ለመግዛት አቅም ለሌለው ተማሪ፣ ያንኑ ሥራ የሚሠራው ነጻው ስክራይበስ ይበቃል። ዜናው ግን አስቀድሞ ይታረም፤ ገጹ ላይ ከፈሰሰ በኋላ መሪውን አንቀጽ መቁረጥ አምዶቹን ሁሉ ያናጋል። የጽሑፍ ሳጥኖች በ‹ኤን› ቁልፍ ይያያዛሉ፤ ከሳጥኑ ግርጌ በስተቀኝ የኤክስ ምልክት ከታየ ቦታ ያጣ ጽሑፍ አለ ማለት ነው።

ፈተናው አማርኛው ላይ ነው። ቃሎቻችን ረጃጅም ናቸው፣ ፕሮግራሙም አይሰብራቸውም። ስለዚህ ጠባብ አምድ ግራና ቀኙ እኩል ሲደረግ በቃላት መሃል አስቀያሚ ክፍተት ይፈጠራል። በኤ3 ገጽ ከ6 ይልቅ 4 አምድ ይሻላል፤ አለዚያ ወደ ግራ ብቻ ማስጠጋት ነው። ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት መለያ ሥርዓት) ባልሆነ የድሮ ፊደል የተተየበ ጽሑፍ ሲለጠፍ የላቲን ዝብርቅርቅ ይሆናል፤ ስለዚህ ከመነሻው አቢሲኒካ ወይም ኖቶ የተባለው የዩኒኮድ ፊደል ይመረጥ። ስክራይበስ የኢንዲዛይንን ዋና ፋይል አይከፍትም። ማተሚያ ቤቱ ፒዲኤፍ ከተቀበለ ግን ምን ቸገረ?