ደብረ ብርሃን የድሮ ናፍጣ መኪና ያላችሁ ይቺን አንብቡልኝ፣ ጠባሴ ያሉትን መካኒክ ሳላመሰግን ማለፍ አልቻልኩም

ሰላም ወገኖች፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ፣ ሰውየው ላደረጉልኝ ነገር ሁለት መስመር ስለማይበቃ ነው።

ያለችኝ የድሮ ቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፕ ነች፣ 5ኤል ሞተር፣ 3000 ሲሲ ናፍጣ። እንጀራዬ እሷ ነች። ንጋት ላይ በጫጫ በኩል ካሉ ገበሬዎች ወተት እየሰበሰብኩ ደብረ ብርሃን አስገባለሁ፣ ወተት ደግሞ ሰዓት ይፈልጋል፣ ሰው ሌሊት ተነስቶ አልቦ ጀሪካኑን ይዞ መንገድ ዳር ብርድ ላይ ቆሞ እየጠበቀህ መኪናዬ አልነሳ አለች ብትለው አንድ ቀን ይሰማሃል ሁለት ቀን ይሰማሃል ከዛ ለሌላ ሰው ይሰጠዋል፣ ልክም ነው።

የገዛኋት አዋሽ ከሚሰራባት ሰው ነው። ክረምቱን ደህና ነበረች። ጥቅምት ላይ ውርጩ ሲጀምር ጠዋት ጠዋት ማስቸገር ጀመረች፣ ህዳር ላይ ጭራሽ ባሰባት። ሞተሪኖው (በባትሪ እየዞረ ሞተሩን የሚያስነሳው) እያቃሰተ ይዞራል፣ ከኋላ ዓይን የሚያቃጥል ነጭ ጭስ ይወጣል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። የሰፈር ልጆች በየጠዋቱ እየገፉ አስነሱልኝ፣ እግዜር ይስጣቸው። አንዴ ከተነሳች ደግሞ ቀኑን ሙሉ ምንም የላትም፣ ቁልፉን ነካ ስታደርጋት ቀጥ ነው።

አንድ ጋራዥ ወሰድኳት (ስም አልጠራም)፣ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደር ውስጥ አየሩ የሚታመቅበትን ግፊት) ለኩና ሞተሩ አልቋል፣ ወርዶ ፋሻና ጓርኒሲዮን (የፒስተን ቀለበትና ማሸጊያዎቹ) መቀየር አለበት ተባልኩ። ብሩን ሲነግሩኝ መኪናዋን ሸጬ ስራውን ልተው ሁሉ አስቤ ነበር። ሌላ ቦታ ደግሞ ባትሪ ቀይር አሉኝ፣ አዲስ ባትሪ ገዛሁ፣ ለሶስት ቀን ትንሽ ተሻላት ከዛ ያው ሆነች። አንዱ ሹፌር ኮፓው (ከሞተሩ ስር ያለው የዘይት መያዣ) ስር ከሰል አንድድባት አለኝ፣ ናፍጣ የሚያንጠባጥብ ቱቦ ቢኖርስ ብዬ ፈራሁ፣ እንኳንም ፈራሁ።

ከዛ ነው አንድ የወተት ደንበኛዬ ጠባሴ ያሉትን ጋሼን የጠቆመኝ። ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ሄድኩ። ሁሉን ነገር ነገርኳቸው፣ ኮፈኑን እንኳን አልከፈቱም፣ እጃቸውን ከላይ ኮፈኑ ላይ አሳረፉና "ይሄ ሞቋል ልጄ፣ የሞቀ ሞተር በሽታውን አያሳይም፣ ዛሬ እዚህ ትደር፣ አንተም ንጋት 11 ሰዓት ና፣ እኔ ሳልመጣ ቁልፍ እንዳትነካ" አሉኝ። እውነቱን ለመናገር ያኔ ነው ልቤ የተቀበላቸው፣ ከዛ በፊት ያሳየሁት ሰው ሁሉ ያያት ቀን ፀሀይ ላይ ነዋ!

ስሄድ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቀድመውኝ ደርሰዋል። መስታወቱ ላይ ውርጭ ነጭ ብሎ ጋግሯል። አስነሳ አሉኝና እሳቸው ከኋላ ጭስ ማውጫው ጋ ቆሙ። ነጩ ጭስ ሲወጣ በእጃቸው ወደ አፍንጫቸው እየሳቡ አሸተቱት፣ "ናፍጣ ናፍጣ ይላል፣ ናፍጣው ሲሊንደር እየገባ ነው፣ የሚያቃጥለው ሙቀት ነው ያጣው፣ ጭሱ ጭራሽ ባይኖር ነበር ወደ ናፍጣ ፓምፓው የምንሄደው" አሉኝ። በዚች ብቻ ግማሹን ስራ ጨረሱት ማለት ነው።

ቀጥሎ ቴስተር አውጥተው ባትሪውን ለኩ፣ ደህና ነው። ከዛ አንዱን ጫፍ ባትሪው ነጌቲቭ ላይ ሌላውን ሞተሩ ብረት ላይ አድርገው ቁልፍ አዙር አሉኝ፣ 1.4 ቮልት አሳየ። ግማሽ ቮልት እንኳን መብለጥ የለበትም አሉኝ፣ ሞተሪኖው ማግኘት ያለበት ጉልበት መንገድ ላይ እየቀረ ነው ማለት ነው። የማሳውን ገመድ (ከባትሪው ነጌቲቭ ወደ ሞተሩ ብረት የሚሄደውን) ፈቱት፣ ከስሩ አረንጓዴ ዝገት በልቶታል፣ ከላይ ስታየው ግን ምንም አይመስልም። በብርጭቆ ወረቀት አፅድተው መልሰው አሰሩት፣ አዟዟሩ ወዲያው ተለወጠ፣ በጆሮዬ ሰማሁት።

ዋናው ግን ግሎ ፕላጎቹ (ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ውስጡን በኤሌክትሪክ የሚያሞቁት) ናቸው። ይሄ ሞተር ናፍጣው መጀመሪያ የሚረጭበት ለብቻው ትንሽ ክፍል ስላለው ብርድ ላይ ያለ ግሎ ፕላግ አይሆንለትም። እኔ ደግሞ ኳድሮው (ከመሪው ፊት ያለው ሰሌዳ) ላይ ያለችው ብርቱካናማ መብራት በርታ ስለምትጠፋ ደህና ናቸው ብዬ ነበር፣ ለካ እሷ ሰዓት ቆጥራ ነው የምትጠፋው እንጂ ፕላጉ ይጋል አይጋል አታውቅም። አራቱን የምታገናኘውን ብረት አነሱና አንድ የ12 ቮልት አምፖል ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋ አያይዘው በሌላው ገመዷ የየአንዳንዱን ጫፍ ነኩ። አንደኛው ላይ አምፖሉ በራ፣ ሁለተኛው ላይ የለም፣ ሶስተኛው ላይ የለም፣ አራተኛው ላይ በራ። ሁለቱ ሞተዋል። መቼ እንደሞቱ ማን ያውቃል፣ አዋሽ ሙቀት ላይ ያለነሱም ትነሳ ነበር፣ ያለ እነሱ መነሳት ያቃታት ደጋ ስትወጣ ነው።

ፕላጎቹ ከወጡ አይቀር ብለው በዛው ቀዳዳ ኮምፕሬሽን ለኩ። በካሬ ሴንቲሜትር ከ22 እስከ 24 ኪሎ፣ አራቱም ሲሊንደር ተቀራራቢ። ያኛው ጋራዥ አልቋል ያለኝ ይሄንኑ አይቶ ነው፣ ጋሼ ግን "መፅሀፉ ላይ ያለው ቁጥር የአዲስ ሞተር ነው፣ እሱም ባህር ዳርቻ ላሉት፣ እኛ ያለነው 2800 ሜትር ላይ ነው፣ አየሩ ሩብ ያህል ይሳሳል፣ ቁጥሩም አብሮ ይወርዳል፣ ከቁጥሩ ይልቅ አራቱ መቀራረባቸውን እይ፣ ሞተርህ ጤነኛ ነው" አሉኝ። ወገኖቼ ይሄን ስሰማ እንባዬ ነው የመጣው።

የናፍጣ መስመሩ ላይ ውስጡ የሚታይ ላስቲክ ቱቦ ገጥመው አየር እየገባ አረፋ ካለ አዩ፣ የለም። ፊልትሮውን ልቀይር ወይ ስላቸው ደህና ነው ገንዘብህን አታባክን አሉኝ። ፕላጉ ላይ የተፃፈውን ቁጥር ፎቶ አስነስተው አራቱንም እንድገዛ ላኩኝ፣ ሳይገጥሙ ደግሞ አንድ በአንድ ባትሪ ላይ ሞከሩት፣ ጎህ ሳይቀድ ቢሆን ጥሩ ነበር እያሉ እዛው ጥላ ስር ወስደው አሳዩኝ፣ ጫፉ ቀስ እያለ ልክ እንደ ቡና ፍም ቀላ። የሞተር ዘይቱም አዋሽ የተሞላ ወፍራም 40 ስለነበር ብርድ ላይ ቀጠን በሚለው 15/40 ቀየሩት፣ ለዚህ ብርድ ከበደ ብለው።

ይሄ ሁሉ ተሰርቶም አለቀቁኝም፣ አንድ ሌሊት ትደር አሉ። በነጋታው 11 ሰዓት መብራቷ እስክትጠፋ ጠበቅኩ፣ አስነሳሁ፣ አንዴ ዞረች ተነሳች። ጭሱም ትንሽ ብሎ ጠፋ። ሞተር ማውረጃ ከተጠየቅኩት ጋ ሲነፃፀር የከፈልኳቸው ምንም ማለት አይደለም፣ ጨምሬ ልስጥ ብላቸው እጄን መለሱት። ሌላው በጣም ያስጠነቀቁኝ ስታርቲንግ ስፕሬይ (ሞተር እንዲነሳ አየር ማስገቢያው ላይ የሚነፋው ቶሎ የሚቀጣጠል ነገር) ነው፣ ግሎ ፕላግ ያለው ሞተር ላይ ከነፋህ የጋለው ጫፍ ላይ ያለሰዓቱ ይፈነዳል፣ ፒስተን ይሰብራል አሉኝ፣ የምትጠቀሙ ካላችሁ ተዉት።

ስልካቸው አደባባይ እንዲወጣ አይፈልጉም፣ የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ ጠይቄያቸው እሰጣችኋለሁ። ብቻ ጠዋት አልነሳ ለምትል መኪና ቀን ይዛችሁ ከሄዳችሁ አሳድሯት ነው የሚሏችሁ፣ እንዳትቀየሟቸው፣ ለማታ መመለሻ ሌላ ትራንስፖርት አስባችሁ ሂዱ።