የኮርስ አዘጋጆች ሥልጠና፦ ዓላማ አቀራረጹ ጠንካራ፣ የስልት ምርጫው ደካማ

በቅርቡ ያጠናቀቅሁት፣ ለኦንላይን ኮርስ አዘጋጆች በኢንተርኔት የሚሰጥ ሥልጠና ትልቁ ጥንካሬው፣ ስለ ኮርስ ንድፍ ስልቶች ከመዘርዘሩ በፊት ተማሪው በመጨረሻ ምን መሥራት መቻል እንዳለበት ማስወሰኑ ነው። የትምህርት ባለሙያዎቹ ዊጊንስና ማክታይ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት መጽሐፍ የታወቀውን፣ ከውጤቱ ተነሥቶ ወደ ኋላ የሚያቅደውን ስልት የሚያስተምረው ክፍል ብቻውን የሥልጠናውን ክፍያ ያህል ዋጋ አለው። ለሂሳብ ሠራተኞች በተዘጋጀው የመልመጃ ኮርስ ላይ «የባንክ ሂሳብ ማስታረቅን ይረዳሉ» የሚለው ዓላማ ተሰርዞ፣ «የባንኩን መግለጫ ከድርጅቱ መዝገብ ጋር አመሳክረው የልዩነቱን ምክንያት ለይተው ያሳያሉ» በሚል ተተካ። ፈተናው በቀጥታ ከዚህ ዓላማ ተቀዳ፤ ስለ ባንክ ታሪክ የሚያወራው ረጅም ምዕራፍም ለፈተናው የሚያበረክተው ነገር ስላልነበረ ያለ ክርክር ወጣ።

ሥልጠናው የሚደክመው የስልት ምርጫው ላይ ሲደርስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ለአሜሪካ ጦር ከተሠራው ሥራ የመነጨውን፣ ከትንተና እስከ ግምገማ በአምስት ደረጃ የሚሄደውን «አዲ» (ADDIE) የተባለ የኮርስ ንድፍ ስልት፣ ናሙና እየሠሩ ደጋግሞ ማሻሻልን ከሚመርጠው «ሳም» (SAM) ከተባለው ስልት ጋር እንደ ተፎካካሪ ያቀርባቸዋል። ይህ አዘጋጁን ያሳስታል ብዬ አምናለሁ። ይዘቱ የማይለዋወጥና ቀረጻው ውድ ከሆነ ቀድሞ በጥልቀት መተንተን ያዋጣል፤ ገጽታው በየጊዜው ስለሚቀየር ሶፍትዌር የሚያስተምር ኮርስ ግን ቶሎ ናሙና ሠርቶ ለጥቂት ተማሪዎች ማሳየት ይሻለዋል። ከሁሉም በላይ ሁለቱም የሚመልሱት ሥራው እንዴት ይመራ የሚለውን እንጂ ሰው እንዴት ይማራል የሚለውን አይደለም። ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ የሚነካው፣ ትምህርት ከእውነተኛ ችግር ይነሣ የሚለው የትምህርት ንድፍ ምሁሩ የዴቪድ ሜሪል መርሕ በአንድ ስላይድ ብቻ ታልፏል፤ ጉድለቱ በጣም አሳዝኖኛል።

የቪዲዮዎቹ ርዝመትም መታረም አለበት። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ፣ ኤዴክስ በተባለው የኦንላይን ትምህርት መድረክ ኮርሶች ላይ የተደረገ ጥናት ቪዲዮው የቱንም ያህል ቢረዝም ቢያንስ ግማሾቹ ተመልካቾች ከ6 ደቂቃ በላይ እንደማይቆዩበት አሳይቷል፤ የዚህ ሥልጠና አንዳንድ ገለጻዎች ግን ግማሽ ሰዓት ያልፋሉ።

መምህራኑ በየመልመጃው ላይ የሚጽፉት አስተያየት ዝርዝርና ቀና ነው፤ ስለዚህ በእጁ የጀመረው ኮርስ ያለው አዘጋጅ ቢመዘገብ ይጠቀማል፣ ገና ስልት ለመምረጥ የሚያመነታ ግን የሜሪልን መርሖች አስቀድሞ በራሱ ቢያነብ ይሻለዋል።