ኮልት ወይስ ቦሞንት አዳምስ? ባለሳጥን ጥንታዊ ሽጉጥ ለምትገዙ

እንግሊዝም ሆነ አሜሪካ ተቀምጦ ጥንታዊ የጦር መሣሪያ መሰብሰብ የጀመረ ሰው ጥያቄው አይለወጥም፦ «ሁለት ሺህ ፓውንድ ገደማ አለኝ፤ ባለሳጥን ሪቮልቨር ስገዛ ኮልት ይሻለኛል ወይስ አዳምስ?» (ባለሳጥን ማለት ከነመሣሪያዎቹ በእንጨት ሳጥን የሚሸጥ ነው፤ ሪቮልቨር ደግሞ ጥይቱ በሚሽከረከር ከበሮ የሚያዝ ሽጉጥ።) መልሱ አዳምስ ነው። ኮልት ስሙም ዋጋውም ይከብዳል፤ ፎርጅዱ ደግሞ ከሁለቱም ይብሳል።

የምናወዳድረው ሁለት ባላንጣዎችን ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። አንደኛው ሳሙኤል ኮልት በ1853 ለንደን፣ ፒምሊኮ በከፈተው ፋብሪካ የተሠራው የ1851 ኔቪ የተባለው ሞዴል ነው። ሁለተኛው ሮበርት አዳምስ የፈለሰፈው፣ የመሐንዲስ ጦር መኮንኑ ፍሬድሪክ ቦሞንት በ1850ዎቹ አጋማሽ ያሻሻለው ቦሞንት አዳምስ ነው። ኮልት ስድስት ጎራሽ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ተኩስ መዶሻውን በአውራ ጣት መሳብ ያስፈልጋል። አዳምስ አምስት ጎራሽ ቢሆንም ቃታውን መሳብ ብቻ ይበቃዋል። የእንግሊዝ 88ኛ ሬጅመንት መኮንን ክሮስ በክራይሚያ ጦርነት ከተካሄደው ከ1854ቱ የኢንከርማን ውጊያ በኋላ፣ ከቦሞንት በፊት ስለነበረው አዳምስ ለፈልሳፊው የጻፈው ደብዳቤ የታወቀ ነው፤ ሩሲያውያን ከብበውት ሳለ እንደ ኮልት መዶሻ እየሳበ ቢተኩስ ኖሮ አይተርፍም ነበር።

ወደ ዋጋው እንምጣ። ደህና ይዞታ ያለው ባለሳጥን ቦሞንት አዳምስ በእንግሊዝ ጨረታ በግርድፉ ከ1,500 እስከ 3,000 ፓውንድ ይወጣል። በተመሳሳይ ይዞታ ያለ የለንደን ኮልት ከ2,500 ይጀምርና 5,000 ይደርሳል። ይህ ግን የጨረታው አሸናፊ ዋጋ እንጂ ከኪሳችሁ የሚወጣው አይደለም። የጨረታ ቤቱ ኮሚሽን 25 በመቶ፣ በኮሚሽኑ ላይ ደግሞ 20 በመቶ ቫት ከሆነ፣ 2,000 ብላችሁ ያሸነፋችሁት 2,600 ፓውንድ ይሆናል። ሁለት ሺህ ብቻ የያዘ ሰው ማቆም ያለበት 1,500 ላይ ነው፤ ያኔ 1,950 ይከፍላል። የቀረችው 50 ፓውንድ ለማጓጓዣም ላትበቃ ትችላለች።

ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው በሳጥኑ ነው። ሻጭ ራቁቱን ሽጉጥ በ900፣ አዲስ የተሠራ «አሮጌ» ሳጥን በ200፣ የባሩድ ኮዳ በ120፣ የጥይት ማፍሰሻ ቅርጽ በ120፣ ካቻቪቴውን፣ የዘይት ብልቃጡንና የካፕሱል (ባሩዱን የሚያቀጣጥል ትንሽ ቆብ) ቆርቆሮውን ደግሞ በ80 ገዝቶ በ1,420 ፓውንድ ይገጣጥመዋል። ከዚያ «ሙሉ ኦሪጅናል» ብሎ 2,400 ይጠራበታል። ይህ ወንጀል ላይሆን ይችላል፤ የእናንተ ሥራ ግን ትርፉን አለመክፈል ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ሽጉጡን አንስታችሁ ከሥሩ ያለውን አረንጓዴ ሱፍ እዩ። መቶ ስድሳ ዓመት የተኛበት ጨርቅ የመዶሻው፣ የከበሮውና የአፈሙዙ ጫና በትክክለኛው ቦታ ላይ ይታይበታል። ጠባሳው ሌላ ቦታ ከሆነ ሳጥኑ የሌላ ሽጉጥ ነው። አሥር ፓውንድ በማይሞላ የአልትራቫዮሌት ባትሪ ጨርቁንና ክዳኑ ውስጥ የተለጠፈውን የሻጭ ወረቀት አብሩበት፤ ወረቀቱ ነጭ ሰማያዊ ሆኖ ካበራ በሻይ የተነከረ የዘመናችን ወረቀት ነው። የማጠፊያውን ቪቶች አትርሱ፤ ራሱ ላይ የመስቀል ስንጥቅ ያለው የዘመናችን ቪት ካያችሁ ሳጥኑን ክደኑትና ሂዱ። የጥይት ማፍሰሻው ቁጥርም ከሽጉጡ ጋር መግጠም አለበት። የጦር ሠራዊቱ አዳምስ 54 ቦር ነው፤ ከአንድ ፓውንድ እርሳስ 54 ድብልብል ጥይት ይወጣል ማለት ሲሆን፣ ስፋቱ 11.2 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ማፍሰሻው 120 የሚል ከሆነ ከሌላ ቤት የመጣ ነው።

ጀማሪን የሚያሳስት ሌላ ነገር አለ። የእንግሊዝ መንግሥት ለወታደር ያደለው መሣሪያ «ደብሊው ዲ» (የጦር መሥሪያ ቤቱ ምሕጻረ ቃል) የሚሉ ፊደላትና የቀስት ምልክት አለው፤ በቅንጡ ሳጥን ግን አይታደልም ነበር። ሳጥኑ በገዛ ገንዘቡ የገዛ መኮንን ንብረት ነው። የቀስት ምልክት ያለው ሽጉጥ በማሆጋኒ ሳጥን ውስጥ ሲቀርብላችሁ ሁለቱ መቼ እንደተገናኙ ጠይቁ።

ፎርጅድን በተመለከተ ኮልት የሚያሰጋው የጣሊያን ቅጂ ስለሞላ ነው። ኡበርቲና ፒዬታ በሕጋዊ መንገድ የሚያመርቱትን አዲስ ኔቪ አጭበርባሪ ይገዛና የጣሊያኗን የጋርዶኔ ከተማ የፍተሻ ማህተም (መሣሪያው ተሞክሮ ማለፉን የሚያሳይ ምልክት) በሞረድ ፍቆ፣ በአሲድ አዝጎ ያስረጀዋል። የተፋቀው ቦታ ከዙሪያው ዝቅ ስለሚል ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ ጠርዝ አሳርፉበትና ብርሃን ያልፍ እንደሆነ እዩ። የጣሊያኖቹ ቪት ጥርስ በሚሊሜትር የተቆረጠ ነው፤ የጥርስ መለኪያ ያጋልጠዋል። ከበሮው ላይ ያለው የ1843ቱ የቴክሳስና የሜክሲኮ የባሕር ውጊያ ሥዕል ጥርት ብሎ አፈሙዙ ግን ያረጀ ከሆነ፣ ወይ ሥዕሉ እንደገና ተቀርጿል ወይ ከበሮው ተቀይሯል። በኮልት ላይ የአፈሙዙ፣ የአካሉ፣ የቃታ ጠባቂው፣ የከበሮውና የሽብልቁ (አፈሙዙን ከአካሉ ጋር የሚያያይዘው ብረት) ቁጥሮች መመሳሰል አለባቸው፤ ሽብልቁ በቀላሉ ስለሚጠፋ እሱ ብቻ ቢለይ ይታለፋል።

አዳምስን የሚያሰጋው የዘመኑ የቤልጂየም ሥራ ነው። ከበሮው ላይ በሞላላ ክብ ውስጥ «ኢ ኤል ጂ» ካለ የቤልጂየሟ የሊዬዥ ከተማ ሥራ ነው። በፈቃድ የተሠሩም ስላሉ ውድቅ አይደለም፤ ግን የለንደን ዋጋ አይከፈልበትም። የለንደኑ ሽጉጥ ግን ዘውድ ያለባቸው «ጂ ፒ» እና «ቪ» ማህተሞች አሉት፤ አካሉ ላይ ያለው ቁጥርም ከበሮው ላይ ይደገማል።

አዳምስ የሚሸነፈው በጥገና ነው። ለኮልት የተሰበረ ሞላ የጣሊያኑን መለዋወጫ በትንሽ ፓውንድ ገዝቶ በሞረድ ማስተካከል ይቻላል። የአዳምስ ክፍሎች በእጅ እየተሞረዱ የተገጠሙ ስለሆኑ ዋናው ሞላ ከተሰበረ ባለሙያ እንደ አዲስ ይሠራዋል፤ ከ150 ፓውንድ በታች አትጠብቁ። ከመግዛታችሁ በፊት ቀጭን እንጨት ወደ እያንዳንዱ የከበሮው ጎሬ (የጥይት ቀዳዳ) አስገብታችሁ ጥልቀቱን አወዳድሩ፤ አንዱ ካጠረ ውስጡ አሮጌ ባሩድና ጥይት ሊኖር ስለሚችል ወዲያው ለባለሙያ ስጡ። ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠ መዶሻውን በአውራ ጣት ይዛችሁ በቀስታ ሳቡ፤ ከበሮው ዞሮ ሳይንገዳገድ መቆም አለበት። በባዶው አታስተኩሱት፤ የካፕሱሉ መቀመጫ ይጨፈለቃል።

ከገዛችሁ በኋላ አትወልውሉት፤ የተወለወለ ሽጉጥ ዋጋው ይወድቃል። ቀይ ዝገት ካለ ባለ አራት ዜሮ የብረት ሱፍ በዘይት ነክራችሁ በስሱ አንሱትና ሰም ቀቡት። የኦክ እንጨት ብረት የሚያዝግ አሲድ ስለሚተነፍስ፣ ሳጥኑ ኦክ ከሆነ ሽጉጡን ለብቻው አስቀምጡ።

ለእኛ ሰው የተለየ ወጥመድ አለ፤ «ከመቅደላ የመጣ» የሚል ወሬ። ንግሥት ቪክቶሪያ በቆንስል ካሜሮን በኩል ለአፄ ቴዎድሮስ ሽጉጥ መላኳና በ1868 (1860 ዓ.ም.) መቅደላ ላይ የሆነው እውነት ነው፤ ያ ማለት ግን የናፒየር ዘመን ሽጉጥ ሁሉ መቅደላን አይቷል ማለት አይደለም። ሳጥኑ ክዳን ላይ የመኮንን ስም ካለ፣ ኪው በሚገኘው የእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት «ደብሊው ኦ 100» በተባለው የሜዳሊያ መዝገብ ስሙን ፈልጉ። ስሙ ቢገኝም የሚያረጋግጠው ሰውየው መዝመቱን ነው፤ የስሙ ሰሌዳ ትናንት የተቀረጸ ሊሆን ስለሚችል ጠርዞቹን በማጉያ መነጽር እዩ። ወረቀት ያልቀረበለት ወሬ ሳንቲም አይጨመርበትም።

አገር ቤት ይዞ መግባት ሌላ ጉዳይ ነው። እንግሊዝ ወይም አሜሪካ «ጥንታዊ ነው» ተብሎ ያለ ፈቃድ የተገዛ ሽጉጥ ቦሌ ላይ ያው ሽጉጥ ሆኖ ሊያዝ ይችላል፤ በጽሑፍ ፈቃድ ሳታገኙ ሻንጣ ውስጥ አትክተቱት።