በጅማ የኤሌክትሪክ መስመር ሲዘረጋ የለውጥ ሥራንና ወጪን የሚከታተል አገልግሎት

ከጅማ ከተማ ወጣ ብሎ ለሚገኘው የቡና ማበጠሪያችን የ15 ኪሎ ቮልት መስመር ሲዘረጋና ትራንስፎርመር ሲተከል፣ የግንባታውን ውል እንዲያስተዳድርልን በከተማዋ ከሚሠራ አንድ አነስተኛ አማካሪ ቢሮ ጋር ተዋውለን ነበር። ቢሮው ዲዛይን አይሠራም፤ ተግባሩ በሳይት ላይ ሁሉም ሰው ቫሪየሽን የሚላቸውን የሥራ ለውጦች መመዝገብ፣ ዋጋቸውን ማጣራትና አሠሪው ሳያውቀው ወጪ እንዳይጨምር መጠበቅ ነው። አገልግሎቱን ለሌሎች ባለሀብቶች በሙሉ ልብ እመክራለሁ፤ ሆኖም አንድ ከባድ ጉድለት አይቼበታለሁና እርሱንም ሳልገልጽ አላልፍም።

የቢሮው ዋና ብርታት ለውጡ ከመሠራቱ በፊት ዋጋው እንዲታወቅ ማድረጉ ነው። መስመሩ ወደ ቦዬ ረግረግ በሚጠጋበት በኩል አፈሩ ውኃ ያዘለ በመሆኑ፣ በሥራ ዝርዝሩ ላይ የተመለከተው የጉድጓድ ጥልቀት ምሰሶውን አጽንቶ ሊይዝ አልቻለም፤ ጠለቅ ያለ ቁፋሮ፣ የድንጋይ ሙሌትና አርማታ አስፈለገ። የተቋራጩ ፎርማን «እንቆፍር፣ ሒሳቡን በኋላ እንተሳሰባለን» ባለ ጊዜ የቢሮው መሐንዲስ ሥራውን በዚያ ቦታ አስቁሞ፣ ቡድኑን ደረቅ መሬት ወዳለበት ክፍል አዛወረ። ቁፋሮውን በውሉ ነጠላ ዋጋ፣ በውሉ ያልነበረውን አርማታ ደግሞ በዕቃ፣ በጉልበትና በመሣሪያ ወጪ አስልቶ፣ እኛ ከፈረምን በኋላ ብቻ ሥራው እንዲቀጥል ፈቀደ። ውላችን የተመሠረተበት፣ ፊዲክ የተባለው ዓለም አቀፍ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን በ1999 እ.ኤ.አ. ያወጣውና ቀይ መጽሐፍ የሚባለው የግንባታ ውል ናሙና እንደሚለው፣ ተቋራጩ የተሰጠውን የቃል ትዕዛዝ በሁለት የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ካረጋገጠና መሐንዲሱም ማረጋገጫው በደረሰው በሁለት የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ካልመለሰ፣ ያ ማረጋገጫ ራሱ የመሐንዲሱ የጽሑፍ ትዕዛዝ ሆኖ ይቆጠራል። ብዙ አሠሪዎች የመሐንዲሳቸው ዝምታ ዕዳ እንደሚያስገባቸው የሚያውቁት የመጨረሻው ክፍያ ሲጠየቅ ነው፤ ቢሮው ግን ለእያንዳንዱ ደብዳቤ መልስ ሳይሰጥ አላደረም።

ሁለተኛው ለውጥ የመጣው ለመንገድ ማስፊያ ሲባል መስመሩ ከዳር እንዲርቅ በመደረጉ ነው። መስመር በታጠፈ ቁጥር በመታጠፊያው ላይ የሚቆመው ምሰሶ የሽቦውን ጉተታ የሚቋቋም ስቴይ (ምሰሶውን ከመሬት ጋር ወጥሮ የሚይዝ ገመድ) ስለሚያስፈልገው፣ ተቋራጩ ለተጨማሪ ምሰሶዎች፣ ለስቴይና ለሽቦ ክፍያ ጠየቀ፤ ጥያቄውም ተገቢ ነበር። ይሁን እንጂ በቀድሞው መስመር ላይ ሊተከሉ ታስበው የቀሩትን ምሰሶዎች ከሒሳቡ አልቀነሰም ነበር። ቢሮው የተጨመረውንና የቀረውን በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን አቅርቦ ልዩነቱ ብቻ እንዲከፈል አደረገ። የሽቦው ርዝመት ስለጨመረ ነጠላ ዋጋውም ይሻሻልልኝ የሚለውን ጥያቄም አልተቀበለም፤ መጠኑ ከ10 በመቶ በላይ መለወጡ ብቻውን በቂ አይደለምና፣ ውሉ ያስቀመጣቸው ሌሎቹ መመዘኛዎች አብረው መሟላት ነበረባቸው።

በየወሩ የሚልኩልን የወጪ ሰንጠረዥ የጸደቀውን፣ በድርድር ላይ ያለውንና ገና ሊመጣ የሚችለውን ለውጥ ለያይቶ ስለሚያሳይ፣ መጠባበቂያችን ምን ያህል እንደቀረ በግልጽ እናውቅ ነበር። ክፍያቸውም በየወሩ የተቆረጠ እንጂ ከግንባታው ዋጋ በመቶኛ የሚሰላ አይደለም። ይህን አጥብቄ እደግፋለሁ፤ ወጪው ሲያድግ ገቢው የሚያድግ አማካሪ ወጪን እንዲገታ መጠበቅ አግባብ አይመስለኝም።

ጉድለቱ በውሉ ዝግጅት ላይ ነበር። ረቂቁን የመረመሩት እነርሱ ሲሆኑ፣ የዕቃና የጉልበት ዋጋ ሲለወጥ ክፍያው እንዲስተካከል የሚያደርገው የውሉ አንቀጽ 13.8 የሚሠራው የማስተካከያ ሰንጠረዡ ሲሞላ ብቻ መሆኑን፣ የእኛው ሰንጠረዥም ባዶ መቅረቱን አላሳሰቡንም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ትራንስፎርመሩ ገና አልተገዛም ነበር። ተቋራጩ በአሮጌው ዋጋ ላቅርብ ቢል ይከስራል፤ እኛም በውሉ እንጽና ብንል ሥራው ይቆማል። በመጨረሻ ከዚያ ቀን በፊት ላልታዘዙ የውጭ ዕቃዎች ብቻ ልዩነቱን የምንጋራበት ተጨማሪ ስምምነት ተፈረመ፤ ከግንባታው ጭማሪ ትልቁን ድርሻ የያዘውም ይኸው ነው። ቢሮው ድርድሩን በትጋት መርቷል፤ ነገር ግን ሰንጠረዡ አስቀድሞ ተሞልቶ ቢሆን ኖሮ ሁለታችንም ከሳምንታት ጭቅጭቅ በዳንን ነበር።

ሌላው ድክመት የሰው ኃይል ነው። የኤሌክትሪክ ሥራ ጠንቅቆ የሚያውቅ ባለሙያቸው አንድ ብቻ ሲሆን፣ እርሱ በሌለበት ሳምንት የትራንስፎርመሩ የመሬት ማስገቢያ (ኧርዚንግ) ልኬት ሳይረጋገጥ ቆይቶ ክፍያ ዘግይቷል። ለመኖሪያ ቤት አጭር መስመር ለሚያስገባ ሰው አገልግሎቱ ከአቅም በላይ ወጪ ይሆንበታል። የራሱን ትራንስፎርመር ለሚያስተክል ድርጅት ግን ይጠቅማል፤ ከመዋዋሉ በፊት ቀደም ሲል ያዘጋጁትን የወጪ ሰንጠረዥ እንዲያሳዩት ይጠይቅ፣ የአንቀጽ 13.8ንም ሰንጠረዥ ከተቋራጩ ጋር ከመፈራረሙ በፊት እንዲሞሉለት በጽሑፍ ያስገድዳቸው።