ለአጎቴ ፓልም፦ ባትሪ ወይስ ካርድ?

አጎቴ ጅማ ላይ የቡና ሂሳቡን የሚይዝባት ፓልም ታንግስተን ኢ የምትባል የእጅ ኮምፒውተር አለችው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣች ናት። ጣጣዋ፣ ሚሞሪዋ ያለ ኃይል አይዝም። ባትሪዋ ሙጥጥ ሲል ስሙም፣ ኪሎውም፣ ዱቤውም ድራሹ ይጠፋል። ቻርጅ ስትደረግ እንደ አዲስ ዕቃ «ምልክቶቹን ንካ» ትላለች።

ባትሪ መቀየር ዕድሜዋን ያራዝማል። ግን ሆዷ መከፈት አለበት፤ ሂርማታ ገበያ ያለ ጠጋኝ አሮጌውን ሲነቅል የቀረውም መረጃ አብሮ ይሄዳል።

እሷ ላይ የሚሰካው ኤስዲ ካርድ (ትንሽ የመረጃ ማስቀመጫ) ግን ባትሪዋ ቢያልቅም የያዘውን አይለቅም። የዘመኑን ትልልቅ ካርድ ስለማታነብ ግን የድሮ ትንሽ ካርድ መፈለግ ነው። ማታ ማታ ሂሳቡን ወደ ካርዱ መገልበጥም አለ፤ አጎቴ ደግሞ ይረሳል!

እኔ ብሆን መጀመሪያ ካርድ፣ ከዚያ ባትሪ። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣችው ታናሿ ታንግስተን ኢ2 ያለ ኃይልም መረጃ የሚይዝ ፍላሽ ሚሞሪ ስላላት ከዚህ ሁሉ ተገላግላለች።