ካታሊና 22 ጀልባችንን ለፈተሹልን ጋሼ ምስጋና፣ አናፖሊስ አካባቢ ባለሙያ ለምትፈልጉም ጥቆማ

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ በተጎታች የምትሄድ ትንሽ ባለ ሸራ ጀልባ ያላችሁ ወይም ለመግዛት የምታስቡ ወገኖች፣ አናፖሊስ አካባቢ የኪል (ጀልባዋ እንዳትገለበጥ ከሆዷ በታች የሚወርደው ከባድ ብረት)፣ የምሰሶና ምሰሶውን የሚይዙ ሽቦዎች ሥራ የሚሠሩ አንድ ሐበሻ ባለሙያ አሉ። ድሮ ምፅዋ በባሕር ኃይል ያገለገሉ፣ እዚህም ኑሯቸውን በጀልባ ጥገና ያደረጉ ሰው ናቸው። ስማቸው በአደባባይ እንዳይጻፍ ስለጠየቁ እንደምንጠራቸው «ጋሼ» እላቸዋለሁ። ለሦስት የያዝናትን ካታሊና 22 ከሆዷ እስከ ምሰሶዋ ጫፍ ፈትሸው አስረክበውናል። ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን።

«ጎበዝ ናቸው» ብዬ ባልፍ ለማንም አይጠቅምም። የሠሩትን በዝርዝር ልጻፈው፤ ሌላ ባለሙያ ጋ ብትሄዱም ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ።

ካታሊና 22 ከ1969 ጀምሮ የተሠራች፣ ከ15,000 በላይ የተመረተች ጀልባ ናት። ርዝመቷ 6.5 ሜትር፣ ወርዷ 2.3 ሜትር ስለሆነ ያለ ልዩ ፈቃድ በመኪና ትጎተታለች። የሚታጠፍ ኪል ያላት ዓይነት ኪሏ ሲነሣ 60 ሴንቲ ሜትር፣ ሲወርድ 1.5 ሜትር ያህል ውሃ ይበቃታል። ቼሳፒክ ቤይ የተባለው የባሕር ወሽመጣችን በአማካይ 6.4 ሜትር ብቻ ጥልቀት ያለው፣ ዳር ዳሩ ደግሞ ከዚያም የሚያንስ በመሆኑ እዚህ የምትወደደው ለዚህ ነው። አሮጌዋ በርካሽ ትገኛለች። ወጪው ያለው ገዢው ጎንበስ ብሎ በማያይበት ቦታ ነው።

ጋሼ ሸራውን ዞር ብለው ሳያዩ በቀጥታ ወደ ኪሉ ነው የሄዱት። ኪሉ 550 ፓውንድ፣ ማለትም 250 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ብረት ሲሆን በአንድ ባለ 1 ኢንች ፒን ላይ ይንጠለጠላል፤ ከኋላ የሚይዘው አንድ የዊንች (በእጀታ እየዞረ ሽቦ የሚጠቀልል መሣሪያ) ሽቦ ብቻ ነው። ተጎታቹ ላይ እንዳለች ይህን ሥራ መሥራት አይቻልም። ጀልባዋን አንሥተው በድጋፍ ላይ አቆሟት፣ ኪሉንም በክሪክ ቀስ ብለው አወረዱት። ፒኑን አውጥተው በካሊፐር ሦስት ቦታ ለኩት። ሁለት ጫፎቹ ሙሉ 1 ኢንች ናቸው፤ ኪሉ የሚያርፍበት መሐሉ ግን በጥፍር የሚታወቅ እርከን እስኪያወጣ ድረስ ተበልቷል። ምክንያቱ ጀልባዋን መንዳት አይደለም፤ ጀልባዋ ታስራ በምትቆምበት ጊዜ ኪሉ በማዕበል ግራ ቀኝ ሲላጋ ነው የሚበላው። ሌሊት ጀልባ ውስጥ የሚሰማው «ኳ፣ ኳ» የሚል ድምፅ እሱ ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ አዲስ ፒን ገዝቶ ይከትና ሥራው አለቀ ይላል። ጋሼ ግን ቀዳዳውንም ለኩት፤ ሞላላ ሆኗል። በሞላላ ቀዳዳ ውስጥ አዲስ ፒን ማስገባት አዲሱንም ማስበላት ነው። ኪሉን ወደ ቶርኖ ቤት ወስደው ቀዳዳውን አስፍተው የነሐስ ቡሽ፣ ማለትም ቀዳዳውን ከውስጥ የሚያለብስ ቀለበት፣ አስገቡበት፣ ከዚያ በኪሉ ግራና ቀኝ ያለውን ክፍተት በሮንዴላ ሞሉት። ለመታጠፍ የሚበቃ ጥቂት ልቅነት ትተዋል፤ ድምፁ ግን ጠፍቷል።

የዊንቹ ሽቦ አይዝጌ ሆኖ 3/16 ኢንች ውፍረት አለው። ከኪሉ ጋር የሚያያዝበት ጫፉ ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ ስለሆነ መጀመሪያ የሚበሰብሰው እዚያ ነው። ሽቦው ተበጥሶ ኪሉ በአንድ ጊዜ ከወረደ የጀልባዋን ሆድ ሊሰነጥቅ ይችላል። ስለዚህ ጀልባዋ ተጎታች ላይ ስትሆን ኪሉ ሽቦው ላይ ተንጠልጥሎ መቅረት የለበትም፤ በተጎታቹ እንጨት ላይ ይረፍ፣ ሽቦው ጥቂት ይላላ። ሲያወርዱም የዊንቹ እጀታ ከእጅ እንዳያመልጥ፤ ካመለጠ ክንድ ይሰብራል።

ከሁሉ በላይ ያመሰገንኳቸው ግን ስለ አንዲት ቁራጭ ጎማ ነው። ሽቦው ወደ ጀልባዋ ውስጥ የሚገባበት የፋይበርግላስ ጉብታ ላይ የተሰካ አጭር የጎማ ቱቦ አለ፣ ከውሃው ልክ በታች። እሱ ከተሰነጠቀ ጀልባዋ በታሰረችበት ትሰምጣለች። ጋሼ የቱቦውን ማጥበቂያዎች በኪሳቸው በያዙት ማግኔት ነካ ነካ አደረጉ። ቀበቶው አልሳበም፣ ብሎኑ ግን ጥብቅ አድርጎ ያዘው። ከውጭ የሚያብለጨልጭ፣ ብሎኑ ግን ተራ ብረት የሆነ ማጥበቂያ ነው ማለት ነው፤ የሚዝገውም የማይታየው በኩል ነው። ቱቦውንም ማጥበቂያዎቹንም ቀየሩ። አጠቃላይ ዋጋው ከአንድ ቤንዚን ሙሌት ያንሳል።

ወደ ላይ እንውጣ። ምሰሶውን የሚይዙት ሽቦዎች 1/8 ኢንች ውፍረት ያላቸው፣ ከ19 ክሮች የተገመዱ ናቸው። ጋሼ ሶፍት ወረቀት በሽቦው ዙሪያ ጠቅልለው ከታች እስከ ላይ ይጎትቱታል። ሶፍቱ የተያዘበት ቦታ አንድ ክር ተበጥሷል ማለት ነው። በእጃችሁ አትሞክሩት፣ ሥጋ ይነቅላል። ከዚያ ሽቦው ብረቱ ውስጥ የተጨመቀበትን ጫፍ በአጉሊ መነጽር ያያሉ። የታችኛው ጫፍ ከላይኛው ይብሳል፤ ውሃ ሽቦውን ተከትሎ ወርዶ እዚያ ይጠራቀማልና። የኛ ግራ በኩል የታችኛው ሽቦ ጫፍ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ተገኘች። አንዱ ሲሰነጠቅ እኩያው በስተቀኝ እንደሚከተል ስለሚያውቁ ሁለቱንም ቀየሩ። የፊተኛውና የኋለኛው ሽቦ ግን ደህና ነው ብለው ተዉት። ሁሉንም ቀይረው ሁሉንም ማስከፈል ይችሉ ነበር።

ሽቦዎቹን የሚያጠብቁት ዳዶ መሳይ መወጠሪያዎች ላይ ቀለበት ሳይሆን ኮተር ፒን (ዋናው ፒን እንዳይወጣ የሚይዝ ባለ ሁለት እግር ቀጭን ፒን) ነው የሚያስገቡት፤ ቀለበት ገመድ ሲነካው ተፈትሎ ይወጣል። የኮተር ፒኑ ርዝመት የዋናው ፒን ውፍረት አንድ ተኩል እጥፍ ይሁን፣ እግሮቹም ጥቂት ብቻ ይከፈቱ። እንደ ዶሮ እግር ከተበለቀጠ ለመንቀል ፒንሳና እርግማን ይጠይቃል።

ውጥረቱን በእጅ ነቅነቅ አድርገው አይገምቱም፤ ሎስ በሚባለው የሽቦ ውጥረት መለኪያ ነው የሚሠሩት። መነሻቸው ከሽቦው የመበጠሻ አቅም ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው። ላይኞቹን አጥብቀው፣ ታችኞቹን ትንሽ አላልተው፣ ከዚያ በነፋስ ወጥተው ጀልባዋ ስታዘነብል ነፋስ የማይመታው በኩል ያለው ሽቦ እንደ ልብስ መስጫ ገመድ እንዳይወዛወዝ አይተው ይጨርሱታል።

ምሰሶ ለማንሣት ቀለል ያለ ዘዴ ሠርተውልናል። 2 ሜትር ያህል ቱቦ ከምሰሶው ግርጌ ወደ ፊት ይቆማል፤ የፊት ሸራ ማንሻው ገመድ በቱቦው ጫፍ ይታሰራል፣ ከዚያ ባለ አራት ዙር የሸራ ገመድ ወደ ጀልባዋ አፍንጫ ይወርዳል። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ መሳብ ይችላል። ምሰሶው ወደ ጎን እንዳይወድቅ ሁለት ጊዜያዊ የጎን ገመዶች አሉት። የሚታሰሩበት ነጥብ ምሰሶው ከሚታጠፍበት ብሎን ጋር እኩል ከፍታ ላይ ካልሆነ፣ ምሰሶው ሲነሣ ወይ ይላላሉ ወይ ይበጠሳሉ። የፊተኞቹ ታችኛ ሽቦዎች ከመነሣቱ በፊት ይፈታሉ፤ ካልተፈቱ ምሰሶው ወደ ኋላ አይተኛም። መወጠሪያ ተጣሞ እንደሆነም ግማሽ መንገድ ላይ ቆም ብሎ ማየት ነው፤ በጉልበት ከተሳበ ይታጠፋል። ከሁሉም በፊት ግን ቀና ብሎ የኤሌክትሪክ መስመር መፈለግ ነው። ይህን ጋሼ ሦስቴ ደግመው ካልተናገሩ አይሄዱም።

ተጎታቹን ባጭሩ ልለፈው። ኩሽኔታዎቹን አውጥተው አጥበው ግራሶ ሞሉ፣ ውሃ የሚከለክለውን የጎማ ሲልም ቀየሩ። ምክራቸው፦ ጀልባ ወደ ውሃ የሚወርድበት ሳንዲ ፖይንት እንደደረሳችሁ ወዲያው ወደ ውሃ አትግቡ። የጋለ ኩሽኔታ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ውሃ ወደ ግራሶው ይስባል። ምሰሶውን እስክታነሡ ይቀዘቅዛል። ጎማው ላይ ደግሞ ጥርሱን ሳይሆን ዕድሜውን እዩ፤ የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች ሳምንቱንና ዓመቱን ይናገራሉ፣ 2319 ካለ የ2019 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. 23ኛ ሳምንት ማለት ነው። የመኪናው መንጠቆ ላይ የሚያርፈው ክብደት በጣም ካነሰ ተጎታቹ መንገድ ላይ ይወዛወዛል።

የሚጎድላቸውንም ልንገራችሁ። ሸራ አይሰፉም፣ ሞተር አይነኩም፣ ሚያዝያ ላይ ስልክ አያነሡም፤ ወቅቱ ሰው ሁሉ ጀልባውን ውሃ ውስጥ የሚያስገባበት ነው። በጥቅምትና በኅዳር፣ ጀልባው ከውሃ ሲወጣ ያዟቸው። ሥራቸውም ይዘገያል፣ ቀን ከቆረጣችሁ ትጣላላችሁ።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ከመደወላችሁ በፊት ጀልባዋ የተሠራችበትን ዓመት፣ ኪሏ የሚታጠፍ ይሁን የቆመ፣ ሽቦዎቹ መቼ እንደተቀየሩ፣ የእያንዳንዱን ሽቦ የታች ጫፍ ደግሞ ቀረብ ብላችሁ ፎቶ አንሥታችሁ ያዙ። ጋሼ እሱን ካላዩ ዋጋ አይነግሯችሁም።