ለደብረ ብርሃኑ መካኒክ ምስጋና፣ ቪትዝ ለምትነዱ ደግሞ ጥቆማ

ጥር ላይ መጻፍ የነበረብኝ ምስጋና ነው። ሥራ ያዘኝ፣ ከዚያ ጾም ገባ፣ ቆየ። ሰሞኑን እናቴ «ለዚያ ሰው ጻፍሽለት?» ብላ ስትጠይቀኝ አፈርኩ።

እናቴ የመንዝ ሰው ናት። የእህቷ ልጅ ሸዋ ሮቢት ስታገባ ከአዲስ አበባ በቪትዜ ይዣት ወጣሁ። ቀኑ ዓርብ ነው፣ ሠርጉ እሑድ። ሸኖን አልፈን ጫጫ ልንደርስ ስንል ቀዩ መብራት በራ። የኔ ቪትዝ የሙቀት መርፌ የላትም። ሰማያዊ ከበራ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ነው፣ ከጠፋ ሰላም ነው፣ ቀይ ከሆነ ፈልቷል። መሃል የሚባል ነገር የለም።

ወንድሜ ድሮ የነገረኝ ትዝ አለኝና ሙቀቱ ከሞተሩ እንዲቀንስ የውስጡን ማሞቂያ ከፈትኩ። የወጣው ግን ቀዝቃዛ አየር ነው። እናቴ ጋቢዋን እየሰበሰበች «ጭራሽ ብርድ ትለቂብኛለሽ?» አለች። ሞተሩ ፈልቶ ማሞቂያው ቀዝቃዛ ከነፋ ውሃው አልቋል ወይም አይዞርም ማለት ነው። ያኔ ይህን አላውቅም። ዳር ይዤ አጠፋሁ። ክዳኑን ቶሎ አለመክፈት ብቻ ነው የማውቀው። አርባ ደቂቃ ያህል ጠብቀን ስንሞላት መኪናዋ ሁለት ሃይላንድ ውሃ ጠጣችልን። እየቆምን፣ እየሞላን ደብረ ብርሃን ገባን።

መኪናዋ ውሃ መቀነስ የጀመረችው ያን ቀን አይደለም። ሁለት ወር ሆኗታል። አዲስ አበባ የማስገባበት ጋራዥ (ስሙ ይቅር) መጀመሪያ የራዲያተር ክዳን ቀየረልኝ። ስመለስ «ፍሳሹን አስተካክለነዋል» አሉኝ። ሦስተኛ ጊዜ ስሄድ «ቴስታታ ሳይሆን አይቀርም፣ ሞተሩ ይከፈታል» ተባልኩ፤ ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ራስ ነው። ዋጋውን ስሰማ «ከሠርጉ በኋላ» ብዬ ወጣሁ።

ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ባለ ባጃጅ ከፊት ከፊታችን እየሄደ መርቶ አደረሰን። ሒሳብም አልተቀበለም፣ እሱንም እግዜር ይስጠው። ቦታው ቆርቆሮ ጥላ ያለው፣ ከሁለት መኪና በላይ የማይዝ ግቢ ነው። ባለቤቱን ጋሼ እያልኩ ልቀጥል፣ ስማቸውን የማልጽፍበትን ምክንያት ኋላ እነግራችኋለሁ።

ጋሼ ኮፈኑን ከፍተው ምንም አልነኩም። መጀመሪያ ጠየቁኝ። ጠዋት ስታስነሺያት ነጭ ጭስ አላት? ስታድር መሬቱን ታረጥባለች? በየት በኩል? ዘይቱን በመለኪያው አውጥተው በጣታቸው አሹት። ውሃ ቢገባበት ኖሮ ቡና በወተት ይመስል ነበር አሉኝ። ከዚያ ቺንጋውን (ፓምፑን የሚያዞረውን ቀበቶ) አላሉና የውሃ ፓምፑን ፑሌጃ (ቺንጋው የሚጠመጠምበትን ክብ) በሁለት ጣት ይዘው ነቀነቁት። «ነይ ልጄ፣ አንቺም ነቅንቂው።» ነቀነቅኩት። ሊወልቅ የደረሰ የልጅ ጥርስ ነው።

«ቴስታታሽ ደህና ነው። ፓምፕ ነው» አሉ።

እኔ ላይ ገንዘብ መሥራት ቢፈልጉ ያቺ ደቂቃ ትበቃቸው ነበር። ቴስታታ ነው ብዬ አምኜ ነው የገባሁት። እሺ እል ነበር።

ፓምፑን ወንድሜ ከሶማሌ ተራ ገዝቶ በሚኒባስ ላከልን። ጋሼ «የቪትዝ ፓምፕ» ተብሎ ብቻ እንዳይገዛ አስጠነቀቁኝ። ቪትዝ የተለያየ ሞተር አላት። የሞተሩን ቁጥርና የአሮጌውን ፓምፕ ፎቶ በቴሌግራም አስላኩኝ። ለፎቶው ደግሞ አሮጌው መውጣት አለበት። ዋናው ጣጣ እሱ ነው።

ቪትዝ ያላችሁ ኮፈኑን ከፍታችሁ በቺንጋው በኩል እዩት። በሞተሩና በመኪናዋ ጎን መካከል ያለው ክፍተት አራት ጣት አይሞላም። ፓምፑ እዚያ ውስጥ ነው። የፊት ጎማ ወለቀ። ከሞተሩ ሥር እንጨት ያስደገፉበት ክሪክ ገባ። በዚያ በኩል ያለው የሞተር መያዣ ተፈታና ሞተሩ ትንሽ ዝቅ አለ። ከዚያ ያላሉትን ቺንጋ መልሰው ወጠሩት። ግራ ገባኝ። ለካ ፑሌጃውን የያዙት ቡሎኖች የሚላሉት ቺንጋው ጠብቆ ሲይዘው ነው። ቺንጋው ከወጣ ፑሌጃው ከመፍቻው ጋር አብሮ ይዞራል፣ የሚይዙበት ቦታ ደግሞ የለም።

ጋሼ የሚሠሩት በእጃቸው እንጂ በዓይናቸው አይደለም። ክንዳቸው እስከ ክርን ገብቶ ፊታቸው ወደ እኛ ዞሯል። ከእናቴ ጋር ስለ መንዝ ገብስ እያወሩ ቡሎን ይፈታሉ። የእሳቸው እጅ የማይደርስበት ጋ ረዳታቸው ይገባል። አሥራ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው፣ እጁ እንደ ቀጨሞ ቀጭን ነው። «የኔ መሣሪያ እሱ ነው» አሉኝ እየሳቁ። የወጣውን እያንዳንዱን ቡሎን ካርቶን ላይ ፓምፑን በሚመስል ቅርጽ ይሰኩታል። ርዝመታቸው ይለያያል፣ ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ መዘዝ አለው።

እናቴን ያስቆጣት ሌላ ነገር ነው። ጋሼ መኪናዋ ሥር የሚተኙት ባና ላይ ነው፣ በበግ ጸጉር የተሠራ የመንዝ ባና! ያረጀ ቁራጭ ነው፣ ግን ባና ነው። «ምነው ልጄ፣ ይሄ እኮ ሰው የለፋበት ነው፣ ዘይት ላይ ይነጠፋል?» አለቻቸው። «እማማ፣ ካርቶን ከደብረ ብርሃን ብርድ አያድንም። ወገቤን ያቆየልኝ እሱ ነው» ብለው መለሱላት። ለጊዜው ይቅር አለቻቸው።

አሮጌው ፓምፕ ሲወጣ ሁላችንም ዝም አልን። ውሃውን የሚገፉት ክንፎች ዝገት በልቷቸዋል። ሁለት ወር ሙሉ የቧንቧ ውሃ ብቻ ስሞላ የሠራሁት ሥራ ነው። ጋሼ ግን የሚያዩት ሌላ ቦታ ነው። ፓምፑ ከሆዱ በታች ትንሽ ቀዳዳ አለችው። ውስጥ ያለው የውሃ መከላከያ ጎማ ሲበላ፣ ውሃው የፓምፑ ዘንግ የሚዞርበት ኩሽኔታ ውስጥ እንዳይገባ በዚያች ቀዳዳ ይወጣል። መሬቱን ስታረጥብ «ቀይሩኝ» እያለች ነው። የኔዋ ቀዳዳ በሲሊኮን ተደፍናለች። «አስተካክለነዋል» የተባልኩት ይህ ነው። መውጫ ያጣው ውሃ ኩሽኔታውን በላው።

ጋሼ ሲሊኮኑን በካቻቢቴ ጫፍ አውጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡት። የስድብ ቃል ጠበቅኩ። «ሰው ሲቸኩል ነው» ብቻ አሉ።

ሚኒባሱ እስኪደርስ ጎረቤታቸው ቡና አፈላችልን። ለምን ጫጫ ላይ እንጂ አዲስ አበባ ላይ እንዳልፈላች የጠየቅኳቸው ያኔ ነው። እሱ አካባቢ ከፍታው ወደ 2,800 ሜትር ነው። ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ሞተር የሚሠራው ደግሞ እዚያው ሙቀት አካባቢ ነው። እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ አፍኖ የሚይዘው ግፊት ነው፣ የሚያፈስ ፓምፕ ካለ ግፊቱ አይያዝም። ጋሼ በአጭሩ ነው ያስረዱኝ። «እዚህ አገር ውሃው ቶሎ ይፈላል፣ ንፍሮው ግን አይበስልም።» እናቴ ጭንቅላቷን ነቀነቀች፣ ይህን ከሁላችንም በፊት ታውቀዋለች።

አዲሱ ፓምፕ ሲመጣ ልግጠመው አላሉም። አሮጌው ጓርኒሲዮን (በፓምፑና በሞተሩ መካከል የሚገባው ማሸጊያ) የተጣበቀበትን ፊት መፋቅ ጀመሩ። ፍርፋሪው እንዳይገባ መጀመሪያ የውሃውን መግቢያ በጨርቅ ወተፉት። ከፊት ያለው ቶሎ ጸዳ። ከኋላ ያለው ለማንም አይታይም። «መስታወት አለሽ?» አሉኝ። የፊት መስታወቴን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ያቺን መስታወት ሞተሩ ጀርባ አስገብተው፣ ልጁ የስልክ መብራት ይዞላቸው፣ ግማሽ ሰዓት ፋቁ። በጣታቸው ዳሰሱ። እንደገና ፋቁ። እኔ ብሆን በመጀመሪያው ዳሰሳ ይበቃኝ ነበር። መስታወቴ ታጥቦ ተመለሰልኝ፣ እስካሁን ናፍጣ ናፍጣ ይላል።

ቡሎኖቹን በዓይነ ማዕዘን፣ በየተራ፣ ትንሽ ትንሽ አጠበቁ። የሞተሩ አካል አልሙኒየም ነው፣ በጉልበት ከተያዘ ጥርሱ ይላጫል። አንዷ ቡሎን ከልጁ እጅ አምልጣ ወደ ታች ወደቀች። ሃያ ደቂቃ ፈለጓት። ከዕቃ ሳጥን ሌላ ማንሳት ይችሉ ነበር። «የትም ልትሰነቀር ትችላለች» ብለው ማግኔት በሽቦ አስረው አወጧት።

ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ተሞላ። ክዳኑ ክፍት እንደሆነ፣ ማሞቂያው ሙቅ ላይ ሆኖ፣ ሞተሩ እየሠራ አየሩ ሁሉ እስኪወጣ ጠበቅን። ቬንቲሌተሩ (የራዲያተሩ ማራገቢያ) ሁለት ጊዜ ተነስቶ እስኪጠፋ አልለቀቁኝም። እናቴ እግሯ ላይ ሙቅ አየር ሲመጣ «እሰይ» አለች።

የእጅ ዋጋ 2,500 ብር ጠየቁኝ። የዋሉበትን ቀን ሳስበው አነሰብኝ፣ ጨመርኩላቸው። ልጁንም አልረሳሁትም።

ቅዳሜ ጠዋት ጣርማ በርን አልፈን ወረድን፣ ሠርጉም ደረሰልን። ፈተናው መልሱ ነበር። ከሸዋ ሮቢት እስከ ጣርማ በር ዋሻ ከ1,500 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው። ዓይኔ መንገዱ ላይ ሳይሆን መብራቱ ላይ ነበር ማለት ይቻላል። አልበራም። ደብረ ብርሃን ስንደርስ እናቴ ከሠርጉ የተረፈ ድፎ ይዛ ወረደች፣ ለመኝታቸው የሚሆን አሮጌ ምንጣፍም ከእህቷ ቤት ጠይቃ አምጥታለች። ጋሼ ሰላም ሳይሉን ኮፈኑን አስከፈቱ። እጃቸውን አስገብተው ፓምፑን ከሥሩ ዳሰሱና ጣታቸውን አሳዩኝ። ደረቅ ነው።

ስማቸውንና ስልካቸውን እንዳልጽፍ የለመኑኝ ራሳቸው ናቸው። «እጄ ሞተር ውስጥ እያለ ይደወላል፣ አላነሳም፣ ሰው ይቀየማል» አሉ። ስለዚህ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አቅጣጫውን እነግራችኋለሁ። ችኩል ከሆናችሁ ግን አይሆኑላችሁም፤ «መቼ ያልቃል?» ሲባሉ «ሲያልቅ» ነው መልሳቸው። መቀመጫም አንድ ዱካ ብቻ ነው ያለው። ጠዋት በጊዜ ሂዱ፣ ጋቢ ያዙ።